ኬሚካሉ ያንን በሽታ ያመጣል ወይ? የፓርከርስበርግ የመጠጥ ውኃ የካሳ ክርክር

ጉዳዩ ለምን ይጠናል

በተበከለ ውኃ ታምሜያለሁ ብሎ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ሁለት ነገር ማስረዳት ይጠበቅበታል። አንደኛው፣ ያ ኬሚካል ያንን በሽታ በሰው ላይ ሊያመጣ የሚችል መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ የእሱን የራሱን በሽታ ያመጣው ያ ኬሚካል መሆኑን ነው። ሁለተኛው በሕክምና መዝገብና በሐኪም ምስክርነት ይሞከራል። ብዙ ክስ የሚሰናከለው ግን በመጀመሪያው ላይ ነው፤ አንድ ቤተሰብ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ጥናት የማስጠናት አቅም የለውም። ተከሳሹ ኩባንያ በበኩሉ «አልተረጋገጠም» የሚል ባለሙያ ማቅረብ ብቻ ይበቃዋል።

በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያና በኦሃዮ ግዛቶች ድንበር ላይ «ሲ8» በተባለ ኬሚካል ላይ የተነሣው ክርክር ይህን የመጀመሪያ ጥያቄ ከችሎት አውጥቶ ለሦስት ሳይንቲስቶች ሰጠው። ሁለቱም ወገኖች መልሱ ምንም ይሁን ምን ሊቀበሉት አስቀድመው ፈረሙ። የጉዳዩ ጥቅምም ጉዳትም የሚመነጨው ከዚህ ውል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው

ዱፖንት የተባለው የኬሚካል ኩባንያ በፓርከርስበርግ ከተማ አቅራቢያ፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለው ዋሽንግተን ወርክስ በተባለው ፋብሪካው ቴፍሎን (ምግብ መጥበሻ ላይ እንዳይጣበቅ የሚቀባውን ልባስ) ለማምረት ከ1951 ጀምሮ ፒኤፍኦኤ የሚባል ኬሚካል ይጠቀም ነበር። የሚገዛውም ስሪኤም ከተባለ ሌላ ኩባንያ ነበር። በፋብሪካው ሰዎች ዘንድ ሲ8 የተባለው ስምንት የካርቦን አቶሞች ስላሉት ነው። ይህ ነገር አይበሰብስም፣ በውኃ ይሟሟል፣ ደም ውስጥ ሲገባም ለዓመታት ይቆያል። ውኃን ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይከማቻል።

ወደ ሕዝቡ የደረሰው በሦስት መንገድ ነው። ፍሳሹ ወንዙ ውስጥ ይገባ ነበር። ዝቃጩ በማጠራቀሚያ ኩሬዎችና በቆሻሻ መጣያ ቦታዎች ይደፋ ነበር። ከጭስ ማውጫው የወጣው ደግሞ መሬት ላይ አርፎ ከዝናብ ጋር ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርግ ነበር። ከፍተኛው ብክለት ከፋብሪካው ትይዩ፣ ከወንዙ ማዶ ባሉት የሊትል ሆኪንግ ጉድጓዶች ውስጥ መገኘቱ የአየሩን መንገድ ካላሰቡት ግራ ያጋባል። «ፋብሪካው ከእኛ ወዲያ ማዶ ነው» ብሎ ራስን ከአደጋ ማውጣት እንደማይቻል ከዚህ ይታያል።

ጉዳዩን የቀሰቀሱት ሰዎች ሳይሆኑ ከብቶች ነበሩ። ከኩባንያው የቆሻሻ መጣያ በታች በሚወርድ ጅረት ከብቶቹን የሚያጠጣ አንድ ገበሬ በመቶ የሚቆጠሩ ላሞች አለቁበት። በ1998 በሲንሲናቲ ከተማ ለሚሠራ ጠበቃ ስልክ ደወለ፤ ጠበቃው በዘመኑ ሁሉ የኬሚካል ኩባንያዎችን ሲከላከል የኖረ ሰው ነበር። ክሱ በ1999 ቀረበ። ኩባንያውና የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እኩል የመረጧቸው የእንስሳት ሐኪሞች ጥፋቱን በገበሬው አያያዝ ላይ ጣሉት፦ የመኖ ጉድለት፣ የሕክምና እጦት፣ የዝንብ መብዛት። ሐኪሞቹ ስለ ፒኤፍኦኤ የተነገራቸው ነገር አልነበረም። የማያውቁትን ኬሚካል ሊመረምሩ ስለማይችሉ መልሳቸው ከዚህ የተለየ ሊሆን አይችልም ነበር።

ማስረጃው የተገኘበት መንገድ

ጠበቃው በቁጥጥር ሥር ባሉ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ የሌለ አንድ ስም በአንድ ደብዳቤ ላይ አየ። ስሙን ይዞ ኩባንያው ስለዚያ ኬሚካል ያለውን ሰነድ ሁሉ እንዲያቀርብ ጠየቀ። ኩባንያው እምቢ ሲል በፍርድ ቤት አስገደደው። የመጣለት 110,000 ገጽ ያህል ወረቀት ሲሆን ቅደም ተከተል አልነበረውም። ወራት ወስዶ በቀን ደረደረው።

ከሰነዶቹ የወጣው ነገር በኋላ ችሎት ላይ የነበረውን ክብደት ለመረዳት ሁለቱን ማየት ይበቃል። ኩባንያው በ1984 በአካባቢው ካሉ ሱቆች የቧንቧ ውኃ ሳያሳውቅ አስቀድቶ አስመርምሮ ኬሚካሉን አግኝቶበታል። በ1991 ደግሞ የራሱ ሳይንቲስቶች ለመጠጥ ውኃ በሊትር 1 ማይክሮግራም የሚል የውስጥ ጣሪያ አበጅተው ነበር፤ በዚያው ዓመት በአንድ የውኃ አገልግሎት ውስጥ የዚህ ሦስት እጥፍ ተገኘ። ለተጠቃሚዎቹ አልተነገራቸውም። ማወቁን የሚያሳይ ሰነድ ባይኖር ኖሮ ክሱ ስለ ቸልተኝነት ብቻ ይሆን ነበር፤ የቅጣት ካሳ የሚባለውን፣ ከጉዳቱ ዋጋ በላይ ለማስተማሪያ የሚጫነውን ገንዘብ፣ ማንም አያገኝም ነበር።

መጋቢት 2001 ላይ ጠበቃው 972 ገጽ ያለው ደብዳቤ አዘጋጅቶ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ላከ። የገበሬው ክስ በስምምነት ተዘጋ። ገበሬው ካሳ ቢያገኝም ያንኑ ውኃ ለሚጠጡት ጎረቤቶቹ ግን ምንም አልመጣላቸውም።

የጋራ ክሱና የ2004 ውል

በጥቅምት 2000 የሉቤክ የውኃ አገልግሎት ለደንበኞቹ ደብዳቤ ጻፈ። ኬሚካሉ በውኃው ውስጥ በጥቂቱ መገኘቱን፣ መጠኑም በኩባንያው መመዘኛ ጉዳት እንደሌለው የሚገልጽ ነበር። አንድ ነዋሪ ደብዳቤውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ቆይቶ ከጠበቃው ጋር ተገናኘ። ነሐሴ 2001 ላይ በዌስት ቨርጂኒያ የግዛት ፍርድ ቤት የጋራ ክስ ተመሠረተ።

ለምን በዚያ ፍርድ ቤት? ምርጫው የታሰበበት ነበር። የዌስት ቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ለመርዛማ ነገር የተጋለጠ ሰው ገና ሳይታመም የጤና ክትትል ወጪውን ከአጋላጩ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከሳሾቹ «ታመናል» ማለት አላስፈለጋቸውም፤ «ተጋልጠናል፣ ምርመራ ይገባናል» ማለት በቃቸው። በበሽታ ላይ ተመሥርተው ቢሄዱ ኖሮ በዚያን ጊዜ በእጃቸው የነበረው ሳይንስ አያሻግራቸውም ነበር።

ክሱ ሲካሄድ በ2002 የግዛቱ መንግሥት ለመጠጥ ውኃ በሊትር 150 ማይክሮግራም ጉዳት የለውም የሚል ቁጥር አወጣ። ኩባንያው ራሱ በምሥጢር ካስቀመጠው 150 እጥፍ መሆኑ ነው። የመንግሥት ቁጥር ሁልጊዜ የተጎጂ ጋሻ አይሆንም፤ አንዳንድ ጊዜ የተከሳሽ ጋሻ ይሆናል።

ውሉ በ2004 ተፈርሞ በ2005 መጀመሪያ ላይ ጸደቀ። ይዘቱ በአጭሩ እንዲህ ነበር፦

– በስድስት የውኃ አገልግሎቶች፣ ማለትም በሉቤክ፣ በሜሰን ካውንቲ፣ በሊትል ሆኪንግ፣ በቤልፕሪ፣ በተፐርስ ፕሌንስ-ቼስተርና በፖሜሮይ፣ ኩባንያው የማጣሪያ ወጪ ይሸፍናል፤
– 70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለከሳሾቹ ይከፍላል፤
– ሁለቱም ወገኖች የተስማሙባቸው ሦስት የኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭትና መንስኤ ጥናት) ባለሙያዎች በኩባንያው ወጪ ያጠናሉ፤
– ባለሙያዎቹ «ትስስሩ ከመኖሩና ካለመኖሩ መኖሩ ያመዝናል» ባሉት በሽታ የተያዘ የክሱ አባል በግሉ መክሰስ ይችላል፤ ኩባንያውም ኬሚካሉ ያንን በሽታ ሊያመጣ መቻሉን አይከራከርም፤ እስከ 235 ሚሊዮን ዶላር ለጤና ክትትል ያወጣል፤
– ትስስር አልተገኘበትም በተባለ በሽታ ግን ማንም አባል ዳግመኛ መክሰስ አይችልም።

አባል ለመሆን በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ ኬሚካል ያለበትን ውኃ እስከ ታኅሣሥ 4 ቀን 2004 ድረስ ቢያንስ ለአንድ ዓመት መጠጣት ያስፈልግ ነበር። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከአሥር ዓመት በኋላ የከሳሾቹን ጉዳይ ታደገች፤ ኋላ ላይ እንመለስባታለን።

የ69,000 ሰው ደም

70 ሚሊዮኑን ለእያንዳንዱ አባል ቢያካፍሉት ለአንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነበር። ጠበቆቹ ገንዘቡን ለሌላ ነገር አዋሉት። መጠይቅ ለሞላና ደም ለሰጠ ሰው በድምሩ 400 ዶላር እንዲከፈል አደረጉ። በ2005 እና በ2006፣ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ 69,030 ሰዎች ቀረቡ። በእኔ ግምት የጉዳዩ ብልኃት ሁሉ እዚህ ላይ ነው፦ ካሳውን ማስረጃ ለመግዛት ተጠቀሙበት። ሳይንቲስቶቹ «መረጃው አነስተኛ ስለሆነ መደምደም አልቻልንም» የሚሉበት በር ተዘጋ።

የደሙ ውጤት መካከለኛ ቁጥር በሊትር ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) 28 ማይክሮግራም ነበር። በዚያን ጊዜ በመላው አሜሪካ የሚገኘው 4 አካባቢ ነው። በሊትል ሆኪንግ አማካዩ ከ200 በላይ ወጣ። ኬሚካሉን ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው በደሙ የሚገኘው መጠን በውኃው ካለው 100 እጥፍ ያህል ስለሚሆን፣ ውኃው ላይ ጥቂት የሚመስለው ቁጥር ደም ላይ ሲታይ ሌላ ነገር ነው።

አንድ የደም ምርመራ ግን ያለፈውን ዘመን አይናገርም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ፋብሪካው ከ1951 ጀምሮ በየዓመቱ የለቀቀውን መጠን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የወንዙንና የከርሰ ምድሩን ፍሰት በስሌት አቀናጅተው በየዓመቱ በየጉድጓዱ የነበረውን መጠን ገመቱ። በመጠይቁ ላይ ሰው የጻፈውን የመኖሪያ አድራሻ ታሪክ ከዚያ ጋር አገናኙት። አድራሻውን ከነዓመቱ በትክክል ያልጻፈ ሰው የደሙ ውጤት ቢኖርም ለጥናቱ ግማሽ ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

በከሰል ጥራጥሬ የሚሠሩ ማጣሪያዎች ሥራ ሲጀምሩ ሌላ ነገር ተገኘ። በደም ያለው መጠን በመጀመሪያው ዓመት በ26 በመቶ ወረደ፤ ግማሽ ለመሆን የሚወስደው ጊዜም 2.3 ዓመት ሆኖ ተሰላ። ይህ ለከሳሽ ትልቅ ትርጉም አለው። ማጣሪያው ከገባ ከ4.6 ዓመት በኋላ 25 የተለካ ሰው ማጣሪያው ሲገባ 100 ገደማ ነበረው ማለት ነው። ቆይቶ የተመረመረ ሰው በራሱ ማስረጃ ራሱን ያሳንሳል።

የባለሙያዎቹ መልስ

ከ50 በላይ በሽታዎች ተመረመሩ። መልሱ በ2011 መጨረሻና በ2012 እየተከታተለ ወጣ። ለስድስቱ ትስስሩ ያመዝናል ተባለ፦ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ካንሰር፣ የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር፣ የታይሮይድ በሽታ፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት (አልሰረቲቭ ኮላይተስ) እና ከፍተኛ ኮሌስትሮል።

ውሉ ከጸደቀበት እስከ መጨረሻው መልስ ሰባት ዓመት አለፈ። በመካከሉ የሞቱ አሉ። ሰዎች በጠበቃው ላይ ማጉረምረም ጀምረው ነበር፤ ይፈረድባቸዋል ማለት አይቻልም። ለጥናቱ ጊዜ የመክሰሻው ይርጋ እንዳይቆጠር በውሉ ባይታሰር ኖሮ ብዙው ሰው መልሱ ሲመጣ የመክሰስ መብቱን አጥቶ በተገኘ ነበር።

የግል ክሶቹ

3,550 ያህል ሰዎች ከሰሱ። ክሶቹ በ2013 በኦሃዮ ባለ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲጠቃለሉ ተደረገ። ስድስት ክሶች ለመለኪያ ተመረጡ።

እዚህ ላይ ኩባንያው ውሉን በሌላ በር ለማለፍ ሞከረ። «ኬሚካሉ በሽታውን ሊያመጣ መቻሉን አንክድም፤ ይህ ከሳሽ በጠጣው መጠን ግን አያመጣም» የሚል ክርክር አነሣ። ዳኛው ውሉን አነበቡ። አባል የሚያደርገው መጠን 0.05 ሆኖ ለአንድ ዓመት መጠጣት ነው ስለሚል፣ የባለሙያዎቹ መልስ ይህንን ለሚያሟላ አባል ሁሉ ይሠራል ብለው ወሰኑ። የቁጥሩ ትንሽነት ያን ጊዜ ዋጋው ታወቀ።

የቀረው የሁለተኛው ጥያቄ ክርክር ነበር። በ2015 የመጀመሪያው ክስ ላይ የኩላሊት ካንሰር የነበረባትን ከሳሽ ኩባንያው በሽታዋ የመጣው ከውፍረት ነው ብሎ ተከራከረ። ጁሪው (ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡ ተራ ዜጎች) 1.6 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላት፤ የቅጣት ካሳ ግን ከለከለ። በ2016 በሁለተኛው፣ የዘር ፍሬ ካንሰር ላለበት ሰው 5.1 ሚሊዮን እና 500,000 የቅጣት ካሳ ተፈረደ። በሦስተኛው በታኅሣሥ 2016 2 ሚሊዮን፣ በጥር 2017 ደግሞ 10.5 ሚሊዮን የቅጣት ካሳ ተፈረደ። ዳኛው በዓመት 40 የካንሰር ክስ እንዲሰማ አዝዘው ነበር፤ በዚያ ፍጥነት እንኳ ሁሉም ክስ በችሎት ይለቅ ቢባል ከ80 ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። ለሁለቱም ወገን መስማማት የግድ ሆነ።

የካቲት 2017 ዱፖንትና ከእሱ የተገነጠለው ኬሞርስ 670.7 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ። ለ3,550 ቢካፈል የአንዱ 189,000 ዶላር ገደማ ነው፤ የጠበቃ ድርሻ ገና ሳይቀነስ። አከፋፈሉም እንደ በሽታው ክብደት እንጂ እኩል አይደለም።

ከዚያ በኋላ የታመሙት በ2017ቱ ስምምነት አልተካተቱም። በ2020 ጁሪው ለአንድ የዘር ፍሬ ካንሰር በሽተኛ 40 ሚሊዮን፣ ለባለቤቱ 10 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። የባለቤቱ በኦሃዮ የካሳ ጣሪያ ሕግ ምክንያት ወደ 250,000 ወረደ። በዚሁ ክስ ዳኛው በቀደሙት ሦስት ፍርዶች የተወሰነውን ኃላፊነት ኩባንያው እንደገና መከራከር አይችልም ብለው ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው በ2022 አጸናው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 ጉዳዩን አላይም አለ። 95 ያህል የቀሩ ክሶች በ2021 በ83 ሚሊዮን ተዘግተዋል።

ያልሠራው

በስድስቱ ዝርዝር ውስጥ ያልገባ በሽታ ያለበት ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ለመጨረሻ ጊዜ ተዘግቶበታል፤ ሳይንስ ነገ ሌላ ቢል እንኳ። ይህን ዋጋ የከፈሉት ውሉን የተደራደሩት ሰዎች አይደሉም።

የጤና ክትትሉም ያሰቡትን ያህል አልሆነም። እስከ 235 ሚሊዮን የሚል ጣሪያ ቢቀመጥም የወጣው ገንዘብ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር። ጣሪያ መተመን አንድ ነገር ነው፣ ሰውን ወደ ሐኪም ማምጣት ሌላ። ለደም ምርመራው 400 ዶላር ስለተከፈለ 69,000 ሰው መጣ፤ ለክትትሉ እንዲህ ያለ መጎተቻ አልነበረም።

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም የተጎጂውን ጉዳይ ወደፊት አልገፋም። የፌዴራሉ ድርጅት በ2005 ኩባንያውን መረጃ በመደበቅ 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። ለታመመ ሰው ከዚያ የደረሰው የለም።

ለሌላ ጉዳይ የሚወሰድ

መጀመሪያ የሚጠፋው ማስረጃ የሰው አካል ውስጥ ያለው ነው። ኬሚካሉ በደም ወይም በሽንት ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አጣርቶ፣ ውኃው ከመቀየሩ ወይም ማጣሪያ ከመግባቱ በፊት ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። በነዳጅ ውስጥ እንደሚገኘው ቤንዜን (benzene) ያሉት ኬሚካሎች በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ስለሚወጡ በእነሱ ጉዳይ የደም ምርመራ ዘግይቶ ምንም አያሳይም፤ የውኃው ናሙናና የመኖሪያ ታሪክ ብቻ ይቀራል።

የውኃው ናሙና አወሳሰድ ራሱ ክስ ያበላሻል። በእንዲህ ዓይነቱ ኬሚካል ላይ የቴፍሎን ክዳን ያለው ጠርሙስ፣ ለቧንቧ መጋጠሚያ የሚጠቀለል ነጭ ቴፕ ወይም ውኃ የማያስገባ ጃኬት በራሱ ናሙናውን ይበክላል። በፖሊፕሮፒሊን ወይም በፖሊኢቲሊን ፕላስቲክ ጠርሙስ መቅዳት፣ በዚያው ቦታ በንጹሕ ውኃ የተሞላ ማነጻጸሪያ ጠርሙስ አብሮ መላክ፣ ናሙናው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ ቀንና ሰዓት ጽፎ ማስፈረም ይገባል። ይህ ሰነድ ከሌለ የተከሳሽ ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነው።

ከሳሹ በእጁ ሊኖረው የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም፦ የት ቤት ከመቼ እስከ መቼ እንደኖረ የሚያሳይ የውኃ ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ፤ ውኃው ከቧንቧ ነው ወይስ ከግል ጉድጓድ፤ በሽታው የታወቀበት ቀን፤ ካንሰር ከሆነ የፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ሪፖርቱ። ማጨስ፣ ውፍረት፣ የቤተሰብ በሽታ፣ የሥራ ቦታ ኬሚካል ካሉ አስቀድሞ ለራሱ ጠበቃ መንገር አለበት። ተከሳሹ ያገኛቸዋል። ከሳሹ ከደበቃቸው ደግሞ ጁሪው ሌላውንም ቃሉን ይጠረጥራል።

ሳይንሱን ለገለልተኛ ቡድን የሚሰጥ ውል ሲጻፍ አራት ነገሮች በቃል ሳይሆን በቁጥርና በቀን መታሰር አለባቸው፦ ማን አባል እንደሆነ፣ መልሱ ለየትኛው የመጠን ወሰን እንደሚሠራ፣ ይርጋው ከመቼ እስከ መቼ እንደሚቆም፣ መልሱ መቼ መውጣት እንዳለበት። ፓርከርስበርግ ላይ የጎደለው አራተኛው ነበር።

በሊትር የተፈቀደው መጠን በዓመታት መካከል የሄደበትን መንገድ ያየ ደግሞ «ከደረጃው በታች ነው» የሚለውን መልስ እንዴት እንደሚይዘው ያውቃል። በ2002 የግዛቱ ቁጥር 150 ማይክሮግራም ነበር። በ2006 የፌዴራሉ ድርጅት በዚያ አካባቢ 0.5 አለ፤ በ2009 በአገር ደረጃ ጊዜያዊ ምክር ሆኖ 0.4 መጣ፤ በ2016 ከአንድ ዘመዱ ኬሚካል ጋር ተደምሮ 0.07፤ በ2024 አስገዳጅ ሆኖ የወጣው 0.004 ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪ ውጤት ሲቀበሉ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» የሚለውን ቃል ሳይሆን ቁጥሩን፣ ላቦራቶሪው ሊለካ የሚችለውን ዝቅተኛ መጠንና ናሙናው የተወሰደበትን ቀን በጽሑፍ መቀበልና ማስቀመጥ ነው።